ደብረ ብርሃን ላይ ከቤተሰብ ርቃችሁ ልደታችሁን ምግብ ቤት እንዴት ታከብራላችሁ

ይሄን ምጽፈው ለስራም ይሁን ለትምህርት ደብረ ብርሃን ገብታችሁ ልደታችሁ ሲደርስ "ቤት የለ፣ ድፎ ሚደፋልኝ የለ፣ ምን አባቱ" ብላችሁ ከስራ ስትወጡ ቀጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ ለምትገቡት ነው። ብርድ ልብሱ ያው ፋብሪካውም እዚሁ ከተማ ነውና አይጠፋም፣ ግን ልደት ተኝቶ አይከበርም። የኔ ቤተሰብ መሐል ሜዳ ነው ያለው፣ ልደቴ የስራ ቀን ላይ ሲውል እስከ መንዝ ወጥቶ መመለስ ማይታሰብ ነው፣ ስለዚ እዚሁ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ማክበር ለምጄዋለሁ፣ እንደውም አሁን አሁን እየወደድኩት መጥቻለሁ (እማ እንዳትሰማ)።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ የቤቱን ድግስ ሆቴል ውስጥ ልድገመው አትበሉ። የእናታችሁ ዶሮ ከማለዳ ጀምሮ ሽንኩርቱ ሲቁላላ የዋለ፣ 12 ብልቱ ተለቅሞ የወጣ፣ ፈረሰኛው ለአባት የተቀመጠለት ዶሮ ነው። ሆቴሉ ሚያመጣላችሁ ደሞ በትንሽ ሳህን አንድ ታፋና አንድ እንቁላል ነው። እሱን እያያችሁ ቤታችሁ ትዝ ሲላችሁ ልደቱ እዛው ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚ ቤት ማይሰራላችሁን ነገር ብሉ፣ የቤቱን ለቤት ተዉት፣ ለፋሲካ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ ደሞ ሁሉንም ነገር አንድ የማታ ግብዣ ላይ አትከምሩት። ጠዋት ለብቻችሁ ቁርስ፣ ዋናውን ምሳ ከሰው ጋር፣ ማታ ቀለል ያለ ነገር፣ በቃ።

ቀኑን እንቁረጥ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን አይደለም። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን በቁጥር አትጠራውም፣ "የአስተርዮ ማርያም ማግስት" ነው ምትለው፣ ያው ጥር 22 መሆኑ ነው። ፌስቡክ ላይ ደሞ በፈረንጅ የሞላችሁት ቀን አለ፣ ጓደኛ ሁሉ እንኳን ተወለድሽ ሚለው በሱ ነው። ሁለቱ ሁሌ አይገጥሙም፣ ምክንያቱም በየ4 አመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን ከዛ በኋላ ያለው መስከረም በፈረንጅ አንድ ቀን ተገፍቶ ይገባል፣ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢም እንደተገፋ ይቆያል። የኔ ጥር 22 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 30 ነው፣ በ2016 ግን 31 ላይ ነበር የዋለው። እኔ ምመክራችሁ በኛው አቆጣጠር ያዙ፣ ጓደኞቻችሁ በፈረንጁ ቀን ቢደውሉላችሁ ሁለቴ እንኳን አደረሰሽ ተባላችሁ፣ ምን ጎደለባችሁ። ጳጉሜ 6 የተወለዳችሁ እናንተ ከፈለጋችሁ በ5፣ ከፈለጋችሁ እንቁጣጣሽ ላይ አክብሩ፣ ለናንተ ሕግ የለም።

ቀኑ የታወቀ እንደሆነ ቀጥሎ ጾም ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ረቡዕና አርብ ከሆነ፣ ሁዳዴ ከሆነ፣ ፍልሰታ ከሆነ ሜኑው ሌላ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ እነዚህ ውስጥ የተወለደ ሰው ብዙ ነው። እዚሁ ቅርባችን አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ልደታቸው ነሐሴ 12 (1836) ነው፣ ፍልሰታ መሐል ማለት ነው፣ ዛሬ ቢኖሩና ምሳ ልጋብዛችሁ ቢሉን በያይነቱ ነበር ምንበላው። በጾም ቀን ዋናው ጉዳይ ምግቡ ሳይሆን ሰአቱ ነው። ጓደኞቻችሁ መሐል እስከ 9 ሰአት ሚጾም ካለ ምሳውን 7 ሰአት ላይ አድርጋችሁ እሱን ውሃ እንኳን ሳይቀምስ ቁጭ አታስደርጉት፣ 9 ሰአት ተኩል ላይ አድርጉት፣ ሌሎቻችሁ ትንሽ ብትራቡ አትሞቱም። ምግቡማ ሞልቷል፣ ተጋቢኖ አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ስልጆ ያለበት ቤት ካገኛችሁ እሱ ራሱ ልደት ነው። ዓሣ ላይ ሰው ይለያያል፣ አንዱ ይበላል አንዱ አይበላም፣ ገበታው ላይ ክርክር እንዳይነሳ ቀድማችሁ ጠይቁ ወይ ጭራሽ ተዉት።

ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንቶች ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ሰርግ። ቅዳሜና እሁድ አዳራሽ ያለው ሆቴል ሁሉ በሙሽራ ይያዛል፣ ኩሽናው የናንተን ስድስት ሰው ከምንም አይቆጥረውም፣ አስተናጋጁም አንዴ ታዞ ከሄደ አይመለስም። በነዚህ ወራት አዳራሽ የሌለው ትንሽ ቤት ምረጡ ወይ ከሳምንቱ ውስጥ አንዱን ቀን።

ብር። ባህላችን ያው ጋባዡ ነው ሚከፍለው፣ "ልደቴ ነው ኑ" ያለ ሰው ኪሱን ዳብሶ ነው ሚናገረው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ሁሉም የራሱን ይከፍላል፣ የባለልደቱን ደሞ ይካፈላሉ፣ እዚህ ግን ይሄን ሳይነግሩ መጥራት ያሳፍራል። ስለዚ ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ ወይ ጥቂት ሰው ጠርታችሁ ሙሉውን ትከፍላላችሁ ወይ ደሞ ከቢሮ ልጆች አንዷን ቀድማችሁ "መዋጮ አድርጊልን" ትሏታላችሁ። መዋጮው ከናንተ አፍ አይውጣ፣ ከሷ ይውጣ። እኔ የመጀመሪያውን ነው ምመርጠው፣ አራት ሰው፣ ቢበዛ ስድስት፣ ከዛ ካለፈ ስብሰባ ነው።

ትልቅ ሆቴል ከሆነ ምትገቡት ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨመራል፣ በላዩ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይመጣል፣ 1000 ብር ነው ብላችሁ ያዘዛችሁት 1265 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስድስት ሰው ላይ ሲባዛ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ስጋ ቤትና ትንንሽ ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ዋጋው ያው የተጻፈው ነው፣ ቢሆንም ጠይቁ።

አሁን ወደ መብላቱ። ጠዋት ለብቻችሁ ውጡ፣ ከቻላችሁ ሰንበት ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የስራ ቀን ከሆነ አንድ ሰአት ቀደም ብላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የጥር ጠዋት ውርጩ ሳር ላይ ነጭ ሆኖ ነው ሚታየው፣ በዛ ብርድ ትኩስ ቁርስ ሚያክል ስጦታ የለም። እንፋሎት መስኮቱን ያጨፈገገበት ቁርስ ቤት ግቡ፣ ጨጨብሳ በማር፣ ወይ ደሞ ገብስ ቂንጬ በቅቤ፣ ፍስክ ከሆነና ደፋር ከሆናችሁ ዱለት። እኔ ልደቴ ላይ ዱለት ነው ምበላው፣ ምክንያቱም እማ ዱለት አትሰራም፣ "ሳይበስል" ትላለች። ከላይ ቤት ማይሰራላችሁን ብሉ ያልኩት ይሄን ነው።

ቁርሱ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቤት ደውሉ። ለምን ጠዋት፣ ማታ ላይ ኔትወርኩም እናንተም ስለማትገኙ ነው፣ ደሞ እናት ከሰው ቀድሞ ሲደወልላት ደስ ይላታል። ስትደውሉ ሆቴል እንደምትበሉ አትደብቋት። ገና ስትሰማ "ምነው ልጄ፣ ቤት እንደሌለው ሰው" ትላለች፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ አትከራከሯት፣ ከነማን ጋር እንደምትበሉ ንገሯት፣ እናቶችን ሚያሳስባቸው ሆቴሉ ሳይሆን ብቻችሁን መሆናችሁ ነው። ከዛ ምርቃቷን ተቀበሉ፣ "እደጊ ተመንደጊ፣ ወልደሽ ሳሚ" ስትል አሜን እያላችሁ እስክትጨርስ ጠብቁ፣ ሻዩ ቢቀዘቅዝም ሌላ ይታዘዛል። አባት ስልኩን ከተቀበለ አጭር ነው፣ "እንኳን ተወለድሽ። ብር አለሽ?" ይላል። አለኝ በሉ።

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ቤት ልደት ሚባለው ነገር ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ገጠር ያሉት ዘመዶቼ ሚያውቁት ክርስትናን ነው፣ ወንድ በ40 ሴት በ80፣ ከዛ በኋላ ሚደገሰው ለጻድቁ ዝክር፣ ለማኅበር ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ቶርታው፣ ሻማው፣ ከረሜላው ከከተማ የመጣ ነው። ስለዚ ወግ አፈረስኩ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ወጉ ራሱ ገና ልጅ ነው።

ምሳ። እዚህ ላይ ነው ብር ሚወጣው ስለዚ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የኔ ምርጫ ከኋላው መቀመጫ ያለው ስጋ ቤት ነው፣ ስጋውን አይታችሁ፣ አስመዝናችሁ፣ እንዴት እንደሚጠበስ ነግራችሁ ትገባላችሁ። ለስድስት ሰው 2 ኪሎ ይበቃል፣ ስጋ ሲጠበስ ያንሳል፣ ቢያንስ እንኳን እንጀራ አለ። ግን ሁለቱንም ኪሎ አንዴ አታስጠብሱ፣ አንዱን ደረቅ ጥብስ፣ አንዱን ቆየት ብሎ በሸክላ ለጋ ለጋውን አስመጡ፣ አለበለዚያ በዚህ ብርድ ግማሹ ሳይበላ ሞራ ይሰራል። የበግ ጥብስ ካለ የመንዝ በግ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ ይሏችኋል፣ ሁሉም አዎ ነው ሚለው፣ ግን መጠየቅ ደስ ይላል። ለጥብሱ አዋዜ፣ ለሚወድ ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ ካላቸው ሰናፍጭ። ጥሬ ስጋ ምትወዱ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፣ ለማያዘወትር እንግዳ ግን "አንዴ ቅመስ" እያላችሁ አትለምኑት፣ ኮሶ የልደት ስጦታ አይደለም።

አይ እኔ ዶሮ ካልበላሁ ልደት አይመስለኝም ምትሉ ካላችሁ (አልሰማችሁኝም ማለት ነው) ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ሙሉ ዶሮ እዘዙ፣ ቀብድ ስጡ፣ ስንት እንቁላል እንደሚገባ ተስማሙ። በቀኑ ገብታችሁ ዶሮ ወጥ ካላችሁ ሚመጣው የትላንት ነው። ቅቅልም እንደዛው ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ ስለሚያንስ ስጋው ለመብሰል ይቆያል፣ ቀድሞ ያልደወለ ሰው ሰአቱን ሙሉ ቂጣ እየቆረሰ ይጠብቃል።

ሙስሊም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን አስቀድማችሁ አስቡበት እንጂ እዛ ደርሳችሁ "አንተ ምን ትበላለህ" አትበሉ። እኛ አገር ስጋው የተለያየ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ማደርገው እንደዚህ አይነት ምሳ ከሆነ ስጋ ቤቱን ትቼ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ እጁን ሚሰድበት ቦታ እመርጣለሁ፣ በያይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ አትክልት፣ ሚያግባባን ከሆነ ዓሣ ጎላሽ። አንድ ትሪ ላይ መብላት ካልተቻለማ ምኑን ልደት ሆነ፣ ሁሉም በየሳህኑ ካጎነበሰ ቢሮ ካፌ ይሻላል። የመጀመሪያው ጉርሻ ለባለልደት ነው፣ አንድ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ጠብቁ።

መጠጥ ላይ ብዙ አልልም፣ ቢራው እዚሁ ይጠመቃል፣ ሐበሻውም ዳሽኑም ፋብሪካቸው እዚህ አለ። የደብረ ብርሃን አረቄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ካለ "ቅዝቃዜውን ያባርርልሃል" ብላችሁ አታታሉት፣ ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ ልደቱ የሱ ይሆናል።

ኬክ። ኬኩን ከምግብ ቤቱ ሳይሆን ከኬክ ቤት እዘዙ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት፣ የጾም ከሆነ ደሞ እንቁላልም ወተትም ቅቤም ማይገባበት መሆኑን አስረግጣችሁ፣ "የጾም ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፣ ላዩ ላይ ያለውን ክሬምም ጠይቁ። ስማችሁን በቃል አትንገሩ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ ስማችሁ ውስጥ ጸ ወይ ኀ ካለ በተለይ። በቀኑ ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ማታ ተረከቡ፣ መብራት ከጠፋ ምድጃው አይሰራም፣ ጀነሬተር ያለው ኬክ ቤት ሁሉ አይደለም። ምግብ ቤቱንም ኬክ ከውጪ ማስገባት ይቻላል ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ቡና እዚህ ከጠጣችሁ ችግር የለም ይላል። ሻማና ክብሪት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢላ ይሰጧችኋል ግን ስጋ የተቆረጠበት እንዳይሆን አስታጥቡት፣ በተለይ የጾም ኬክ ከሆነ። ሙዚቃውን በትልቅ ስፒከር ሚከፍቱ ቤቶች አሉ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያችሁ ምታፍሩ ከሆነ ለአስተናጋጇ ቀስ ብላችሁ "እህት፣ ዘፈኑን ተይልን" በሏት፣ አትቀየምም። ኬኩን ስትቆርጡ ከመሐል የተወሰነ ቁራጭ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ለምን እንደሆነ ማታ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከከተማ ወጣ ብሎ መብላት ምትፈልጉ ካላችሁ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የምኒልክ ቤተ መንግስት የነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ፣ እይታው ምግቡን ያስረሳል። ወይ ደሞ ጣርማ በርን በዋሻው አልፋችሁ ደብረ ሲና ውረዱ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ካለ ጉም ወጥታችሁ ሙቀት ውስጥ ምሳ መብላት ደስ ይላል፣ ስትመለሱ ቆሎ ትገዛላችሁ። ግን ሁለቱም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ቤቱም ክፍት መሆኑን ደውሉ፣ መሽቶ መመለስ ካለበት ደሞ አትሂዱ፣ ልደት ሌላ አመትም አለ።

ማታ ቀለል ይበል ያልኩት ለዚህ ነው። እዚህ ከመሸ ብርዱ ጨዋታ አያስጨርስም፣ ባጃጅም ከመሸ ዋጋ ይጨምራል፣ አንዳንድ ሰሞን ደሞ በጊዜ ይቆማሉ። ሰፈራችሁ አካባቢ ካለ ትንሽ ቤት አንድ ትኩስ ሾርባ በዳቦ ጠጡና ቤት ግቡ። ያ ያስቀመጣችሁትን ኬክ አሁን ለአከራያችሁ ውሰዱላቸው። እትዬ አመቱን ሙሉ ውሃ ጨረሳችሁ መብራት አበዛችሁ ቢሉም ኬክ ይዛችሁ ስትገቡ ልጆቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ፋንዲሻውም ይመጣል፣ ሳትጠይቁ። እኔ ተከራይ ሆኜ ከማንም ጓደኛ በላይ ጥሩ ምርቃት ያገኘሁት ከአከራይ ነው፣ የቤት ኪራይ ግን አልቀነሱልኝም።

የቀረው ሒሳብ ነው። ምሳው ላይ "እኔ ልክፈል፣ አንቺ አትከፍይም፣ በማርያም" ሚለው ትግል መነሳቱ አይቀርም፣ በተለይ በእድሜ ከፍ ያለ የስራ ባልደረባ ካለ ባለልደት መክፈሏን አይቀበልም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ኬኩ ከመቆረጡ በፊት እጄን ልታጠብ ብላችሁ ተነሱና ካሸሯ ጋ ሄዳችሁ ዝጉት። ቴሌብር ከሆነ ምትከፍሉት ስሙ ትክክል መሆኑን አይታችሁ ላኩ፣ ደግሞም ጥሬ ብር ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ስድስት ሰው በር ላይ ቆሞ ስልክ ወደ ላይ ማንሳት ልደት አያምርበትም። ደረሰኙን አንብቡ፣ ያልጠጣችሁት ቢራ ተቆጥሮ ይገኛል። ለአስተናጋጇ ጉርሻዋን በእጇ ስጧት፣ ሰርቪስ ተቆርጧል ብላችሁ አትለፏት። ጥብሱ ከተረፈ አስጠቅልሉ፣ አትፈሩ፣ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፣ እንጀራውን ግን ለየብቻ ይጠቅልሉላችሁ፣ ከስጋው ጋር ካደረ ይረጥባል።